ጉድጓዴን ያስመጠጥኩባቸው ሁለት መኪኖች

ከአራት ዓመት በፊት፣ ሰኔ መግቢያ ላይ ነው። ሌሊቱን ሲዘንብ አደረ። ጠዋት ወደ ጓሮ ስወጣ የሴፕቲክ ታንኩ፣ ማለትም የሽንት ቤት ጉድጓዱ፣ ክዳን ዙሪያው ረጥቧል። የዝናብ ውሃ መስሎኝ ነበር። ጠጋ ስል ሽታው ነገረኝ። ጉድጓዱ ሞልቶ መገንፈል ጀምሯል።

ቤታችን ጅማ፣ ሄርማታ ሰፈር ነው፤ ከአዌቱ ወንዝ ብዙም አንርቅም። ግቢው የእናቴ ነበር። አሁን እኔና አምስት ተከራዮች እንኖርበታለን። ሁለት ሽንት ቤት አለን፤ ሁለቱም ወደ አንድ ጉድጓድ ይወርዳሉ። የጅማ ሰው ይሄን አኗኗር ያውቀዋል። ከየቤቱ ፍሳሽ ተቀብሎ የሚወስድ መስመር ወደኛ ሰፈር አልመጣም። ያለን ጉድጓድ ነው፤ ሲሞላ ደግሞ መጣጭ መኪና። ሰው ስለ ምግብ ቤትና ስለ ስልክ አስተያየት ይጽፋል። እኔ ስለ መጣጭ መኪና ልጻፍ። ሁለት ጊዜ አስመጥጫለሁ፣ በሁለት የተለያየ መኪና።

የመጀመሪያውን ያገኘሁት በደላላ ነው። ረፋድ ላይ ደወልኩ፣ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ መጡ። ለምን በማታ እንደሚመጡ ስጠይቅ «ቀን መንገዱ በባጃጅ ይዘጋል» አሉኝ። እውነት መሰለኝ፤ የጅማ መርካቶን መንገድ የሚያውቅ ሰው አይጠራጠርም። ልጆቹ ቀልጣፎች ናቸው፣ ትሑቶችም ናቸው። ቱቦውን ዘረጉ፣ ሞተሩን አስነሱ፣ አንድ ሰዓት እንኳን አልፈጀባቸውም። ዋጋውም ከጠበቅኩት በታች ነበር። ደረሰኝ አልሰጡም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ሻይ አጠጥቼ፣ መርቄ ሸኘኋቸው። በዚያ ሌሊት አስተያየት ጻፊ ብትሉኝ ኖሮ ሙሉ ነጥብ እሰጥ ነበር።

በማግስቱ ከታችኛው ግቢ ሀጂ መጡ። እኒህ ሰው ከእናቴ ጋር አርባ ዓመት የተጎራበቱ ናቸው። ቁጭ እንዲሉ ብለምናቸውም አልተቀመጡም።

«ልጄ፣ ትናንት ማታ የመጣው ቦቴ ያንቺ ነበር?»

«አዎ ሀጂ፣ ጉድጓዱ ሞልቶብኝ።»

«ከለቅሶ ቤት ስመለስ አየሁት። ቱቦውን ወደ ወንዙ አውርደው ይለቁ ነበር።»

ሌላ ምንም አላሉም። ባይናገሩም ፊታቸው ላይ ያየሁት አሁን ድረስ አይጠፋኝም። የራሴን ግቢ ቆሻሻ ገንዘብ ከፍዬ ወንዝ ውስጥ አስደፋሁት። አዌቱ ደግሞ እኛ ጋ አያልቅም። ከተማውን አቋርጦ ወደ ቦዬ ረግረግ ይወርዳል፣ ከዚያም ግልገል ጊቤን ይቀላቀላል። በመንገዱ ላይ ከብት ይጠጣዋል፣ ልብስ ይታጠብበታል፣ ዳርና ዳሩ ላይ ጎመንና ሰላጣ ይለማበታል። ያንን ሰላጣ እኛው መርካቶ ወርደን እንገዛዋለን። ከሰው ሰገራ ጋር የሚወጣ የወስፋት እንቁላል እርጥብ አፈር ውስጥ ለወራት ሳይሞት ይቆያል። 

ከዚያ በኋላ ሕጉን ማንበብ ጀመርኩ። የሕግ ባለሙያ አይደለሁም፤ ግን የተጻፈው በአማርኛ ነው፣ ይነበባል። የኅብረተሰብ ጤና አዋጅ ቁጥር 200/1992 ፈሳሽም ሆነ ደረቅ ቆሻሻን አካባቢ በሚበክል ወይም የሰው ጤና በሚጎዳ መንገድ ማስወገድን ከልክሏል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ የበከለ ሰው እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲሸፍን ሊያስገድደው ይችላል። እዚያው አዋጅ ውስጥ በጣም የገረመኝ ሌላ ነገር አለ። ሲበከል ያየ ማንኛውም ሰው «እኔን ጎድቶኛል» ብሎ ማስረዳት ሳይጠበቅበት አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። ሀጂ ያን ሌሊት ባዩት ብቻ አቤቱታ ሊያቀርቡብኝ ይችሉ ነበር ማለት ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ቁጥር 1225 ላይ ባለቤት ጎረቤቱን እንዳያስቸግር፣ ከጉርብትና ልክ ያለፈ ጭስና መጥፎ ሽታ እንዳይልክበት ይደነግጋል። ስድሳ ዓመት ያለፈው ሕግ ነው። ለእኔና ለሀጂ ግቢ የተጻፈ ይመስላል።

ሁለተኛው መኪና የመጣው ዘንድሮ ግንቦት ላይ ነው። አሁን እስኪገነፍል አልጠበቅኩም። ታች የረጋው ዝቃጭ የጉድጓዱን አንድ ሦስተኛ ሲይዝ ማስመጠጥ ነው። ረጅም እንጨት ሰድጄ ለካሁ፣ ደርሷል። ፈቃድ ያለው፣ ደረሰኝ የሚሰጥ መኪና አፈላልጌ ተመዘገብኩ።

ጉድለቱን ልደብቅ አልፈልግም። ዘጠኝ ቀን ጠበቅኩ። ስልክ ደጋግሜ ስደውል አይነሳም። የጉድጓዱ መውጫ መዘጋት ጀምሮ ስለነበር ተከራዮቼን አንዱን ሽንት ቤት ዝጉ፣ ልብስ የምታጥቡበትን ውሃ ቀንሱ እያልኩ ስለማመጥ ሰነበትኩ። መኪናው ሲመጣ ደግሞ ቱቦው አጠረ፤ የአጥር ቆርቆሮ ነቅለን ነው ያስገባነው። ዋጋውም ከመጀመሪያው በጣም ይበልጣል። ሁለት ቢያጆ (ምልልስ) ነበር፣ የአንዱ ቢያጆ ሂሳብ የአንድ ሰርቪስ ክፍል የወር ኪራይ ያህል ነው። ይሄ ለብዙ ሰው ከባድ ነው፤ በማታ የሚመጡት ልጆች ገበያ የሚያገኙትም በዚህ ምክንያት ነው።

ሥራው ግን ሌላ ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ በጠራራ ብርሃን መጡ። ሹፌሩ መጀመሪያ ክዳኑን ከፍቶ ዞር በሉ አለን። «እትዬ፣ ቶሎ እንዳትጠጉ። ጋዙ ይውጣ» አለኝ። ጉድጓድ ውስጥ የሚጠራቀመው ጋዝ ሰው ይገድላል። ማንም ሰው፣ ለምንም ነገር ብሎ፣ ወደ ውስጥ እንዳይገባ አስጠነቀቀን። ቀጥሎ የታንኩን ሁለቱንም ክፍል አየ። የመጀመሪያዎቹ ልጆች የመጠጡት አንዱን ክፍል ብቻ ነበር፤ ሁለተኛውን ክዳን እንኳን አልነኩትም። ከላይ የተጋገረውን ስብ አሳየኝ። የኩሽና ዘይት ነው። የቡና አተላም እዚያ ወርዷል። እኛ ጅማዎች በቀን ሦስቴ እናፈላለን፣ አተላውን ደግሞ እንደ ቀላል ነገር ወደ ማጠቢያው እንደፋዋለን። ታች ይረጋል እንጂ አይጠፋም። ከዚያ ቀን ጀምሮ አተላው ወደ ጎመኔ ሥር ነው የሚሄደው።

ሲጨርሱ ትንሽ ፈሶ ነበር፤ ራሳቸው በአመድ አልብሰው ጠረጉት። ደረሰኙ ላይ የመኪናው ታርጋ፣ ቀኑና የቢያጆው ብዛት ተጽፏል። እኔ ግን አንዴ ስለተታለልኩ የእህቴን ልጅ በባጃጅ ከኋላ ላክሁት። ሹፌሩ ሲያውቅ አልተቆጣም። «ይምጣ፣ ይይ» አለ። ልጁ ከከተማ ወጥቶ የተመደበላቸው ቦታ ደርሰው ሲደፉ አይቶ ተመለሰ።

ቤት ያላችሁ ሰዎች አንድ ነገር ልለምናችሁ። ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት «የት ነው የምትደፉት?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ካጣ ወይም በማታ ካልሆነ አልመጣም ካለ ስልኩን ዝጉት። ዝናብ ሲመጣ ጠብቃችሁ ወደ መንገድ ዳር ቦይ የምትለቁም አላችሁ፤ አውቃለሁ፣ ሰፈራችን ውስጥም አለ። ያ ቦይ የተሠራው ለዝናብ ውሃ ነው። ልጆች ትምህርት ቤት ሲሄዱ የሚዘሉት እሱን ነው። ቀበሌዎችም ፈቃድ ያላቸውን መኪኖች ታርጋና ስልክ በራቸው ላይ ቢለጥፉ እኛ ደላላ ባልፈለግን ነበር።

ለሁለተኛው መኪና ነጥብ ስጪ ብባል ከአምስት አራት እሰጣለሁ። አንዱን የቀነስኩት በዘጠኙ ቀንና በማይነሳው ስልክ ነው። ሁለተኛው ቢያጆ ግማሽ ድረስ ብቻ ነበር የሞላው። ሹፌሩን «የተረፈው ቦታ ለጎረቤት ይሆናል?» አልኩት። ይሆናል አለ። ሀጂን ጠራኋቸው። ጉድጓዳቸው ትንሽ ናት፣ ቱቦው በአጥሩ በኩል ደረሰላት። የዚያን ቢያጆ ሂሳብ እኩል ተካፈልን። ደረሰኙ ግን በስሜ ስለሆነ ኮፒውን አንስቼ በማግስቱ ወሰድኩላቸው።