ደሴዎች፣ የቦይለራችሁን ቫልቭ አታስደፍኑ!

ከቦይለሩ ሥር ባለችው ትንሽ ቫልቭ ውሃ ጠብ ሲል አይተው ሰው የሚያስደነግጡና ብር የሚበሉ ሠራተኞች ከተማችን ውስጥ አሉ። ብሩ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። የሚሠሩት ሥራ ሰው ይገድላል።

አክስቴ ቤት የሆነውን ልንገራችሁ። ሠራተኛው መጣ፣ ሽፋኑን እንኳ ሳይፈታ ቀና ብሎ አየና «ማዘር፣ ይሄ አልቆለታል፣ ውስጡ በስብሷል» አላት። አዲሱን የሚያመጣው ራሱ፣ አሮጌውን በነፃ የሚወስደውም ራሱ። «ልጄ፣ አሁን እጄ ላይ ብር የለም» ስትለው «በቃ ለጊዜው ላስታግስልዎት» ብሎ የቫልቩን መውጫ በብረት ክዳን፣ ቴፍሎን ጠምጥሞ፣ ጥርቅም አድርጎ ዘጋው። ጠብታው ቆመ። ሒሳቡን ተቀበለና ያለ ደረሰኝ ሄደ።

ያቺ ቫልቭ ሴፍቲ ቫልቭ ትባላለች። ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል። 50 ሊትር ውሃ ከ15 ዲግሪ ተነስቶ 65 ሲደርስ አንድ ሊትር ገደማ ይጨምራል። ቫልቯ ቀዝቃዛውን ታስገባለች እንጂ ወደ ኋላ አትመልስም። ስለዚህ ግፊቱ ሲበዛ ትርፉን በጎኗ ታወጣዋለች። ብዙዎቹ 8 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) አካባቢ ላይ ይከፈታሉ፤ ቁጥሩ እላያቸው ላይ ተጽፏል። ቦይለሩ እየሞቀ ሳለ ጠብ ማለቷ እንግዲህ ሥራዋ ነው። አብሽሩ፣ ብልሽት አይደለም።

ስትደፈን ግን ሌላ ነው። ውሃው ሲሞቅ ማሞቂያውን የሚያጠፋው ቴርሞስታት አንድ ቀን ተጣብቆ ቢቀርና ሌላው የሙቀት መቁረጫም ባይሠራ ማሞቂያው ማቆሚያ የለውም። ውሃው ታፍኖ ከ100 ዲግሪ በላይ ይሄዳል። ውሃውን የያዘው የውስጡ ጋን የተቀደደ ዕለት ከፊሉ ባንዴ እንፋሎት ይሆናል። 1 ሊትር ውሃ ደግሞ እንፋሎት ሲሆን ከ1,600 ሊትር በላይ ቦታ ይፈልጋል። ግድግዳ ያፈርሳል። ልጆቻችን የሚታጠቡት ከዚህ ሥር ነው!

የእውነት ብልሽት መኖሩን ለማወቅ መጀመሪያ ብሬከሩን አውርዱ። ቦይለሩ ይቀዝቅዝ። ከዚያ ቫልቯንና መጋጠሚያዎቹን በጨርቅ አድርቁና በየቦታው ሶፍት ጠቅልሉ። የረጠበው ሶፍት ይነግራችኋል። መጋጠሚያው ላይ ያለው ከረጠበ ፈትቶ ቴፍሎን ወይም ቃጫ መቀየር ነው፣ ቀላል ሥራ። ቦይለሩ ቀዝቅዞም የቫልቯ አፍ ማንጠባጠቡን ካላቆመ ብዙ ጊዜ ቆሻሻ ገብቶባታል። እኛ ጋ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሲለቀቅ ደለል ይዞ ይገባል። ትንሿን እጀታ አንስታችሁ ለጥቂት ሰከንድ አስፈስሷት፣ ውሃው ቀዝቃዛ መሆኑን አረጋግጣችሁ። እንዲያም ሆኖ ካላቆመች ቫልቯን ብቻ ቀይሩ። ዋጋዋ ከቦይለሩ ጋር አይወዳደርም። በቀጥታ ከመስመር የምትጠቀሙ ከሆነ ግን ሌሊት ላይ ግፊቱ በዝቶም ሊሆን ይችላል፤ ለዚያ የግፊት መቀነሻ ይገጠማል። ሮቶ ላይ ላላችሁ ይሄ አያሳስባችሁም።

ውሃው የሚወጣው ከቦይለሩ ሽፋን ውስጥ ከሆነ፣ ዝገት የቀላቀለ ከሆነ፣ ያኔ ጋኑን ዝገት በልቶታል ማለት ነው። እሱን መቀየር ግድ ነው። ግን ሽፋኑ ተከፍቶ በዓይናችሁ ሳታዩ እሺ አትበሉ። አሮጌውንም ዝም ብላችሁ አትስጡ፤ አልቆለት ከሆነ ቆራሌው ይገዛናል፣ ሠራተኛው ምን አስጨነቀው? አዲስ ስትገዙ ደግሞ ከሱቅ ግዙ፣ ደረሰኝ ጠይቁ። የ2006ቱ የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ነጋዴውን ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድደዋል።

የአክስቴን ክዳን ሌላ ባለሙያ ፈታው፣ ከቫልቯ አፍ ወደ ወለሉ ፍሳሽ የምትወርድ ቀጭን ጎማ አደረገላት። «በስብሷል» የተባለው ቦይለር እስከ ዛሬ ይሠራል።

ቤታችሁ ያለችውን ቫልቭ ዛሬውኑ እዩ። አፏ በክዳን ወይም በቡሽ ተዘግቶ ካገኛችሁ ብሬከሩን አውርዱ፣ ሙቅ ውሃውን አትጠቀሙ፣ ራሳችሁም አትፍቱት። ሲቀዝቅዝ የሚያውቅ ሰው ይፍታው።