ብላክ ፓንተር፦ ከኮሚኩ ምን ተወሰደ፣ ምንስ ተጣለ?

ብላክ ፓንተርን ያላየ ወጣት ባሕር ዳር ላይ መፈለግ ልፋት ነው፤ ፊልሙ የተቀዳበትን ኮሚክ (በሥዕል የሚተረክ መጽሔት) ያነበበ መፈለግ ደግሞ የባሰ ልፋት። ስለዚህ "ፊልሙ ለኮሚኩ ታማኝ ነው ወይ?" ሲባል ክርክሩ ልብሱና ጥፍሩ ላይ ይቀራል። ልብሱ ተመሳስሏል፣ እሱን እንለፈው። መመዘን ያለበት የንጉሡ ባላንጣ ኪልሞንገር ነው።

ብላክ ፓንተር የሚባለው ንጉሥ ቲቻላ የተፈጠረው እ.ኤ.አ. በ1966 ፋንታስቲክ ፎር በተባለው ኮሚክ 52ኛ ቁጥር፣ በስታን ሊና በጃክ ከርቢ ነው። ዳይሬክተሩ ራያን ኩግለር ግን ለ2018ቱ ፊልም አጥንቱን ያወጣው ከሌላ ቦታ ነው፤ ዶን ማክግሬገር ከ1973 ጀምሮ ጃንግል አክሽን በተባለው ኮሚክ ከ6ኛው እስከ 18ኛው ቁጥር ከጻፈው ረጅም ታሪክ። ገና በመጀመሪያው ክፍል ኪልሞንገር ንጉሡን ደብድቦ ከፏፏቴ ይወረውረዋል። ፊልሙ ይህን ጠብቆ አንድ ነገር ጨምሯል፦ በኮሚኩ የአማፂና የንጉሥ ድብድብ የነበረው፣ እዚህ ጎሳዎች ሁሉ ቆመው የሚያዩት ሕጋዊ የዙፋን ግጥሚያ ሆነ። ጭማሪው ትክክል ነው። ኪልሞንገር ሲያሸንፍ ማንም "ቀማኛ" ሊለው አይችልም፤ የንጉሡ ጠባቂዎች አለቃ ኦኮዬም ለዙፋኑ ብላ ከእሱ ጋር ለመቅረት ትገደዳለች። (ጭስ ዓባይን በክረምት ያየ ሰው ግን አንድ ነገር ይከነክነዋል። እዚያ ጫፍ ላይ ጎን ለጎን ቆሞ መደማመጥ አይቻልም፤ በፊልሙ ግን እያንዳንዱ ቃል ጥርት ብሎ ይሰማል። ፏፏቴው አትላንታ ውስጥ የተሠራ ነዋ!)

ትልቁ ለውጥ የበደሉ ምንጭ ነው። በኮሚኩ የቲቻላን አባት የሚገድለው ቫይብራኒየም የሚባለውን ውድ ማዕድን ሊዘርፍ የመጣው ክሎ የተባለ ባዕድ ነው፤ የኪልሞንገርም ቂም የሚነሳው ከዚያው ወረራ ነው። ጥፋተኛው ከውጭ መጣ ማለት ነው። በፊልሙ ግን የኪልሞንገርን አባት የሚገድለው የገዛ ወንድሙ፣ ንጉሥ ቲቻካ ነው፤ ልጁንም አሜሪካ፣ ኦክላንድ ከተማ ጥሎት ይመለሳል። ታማኝነትን በገጽ ለሚቆጥር ይህ ክህደት ነው። በእኔ ሚዛን ከምንጩ የተሻለ ነው፤ ቲቻላ ጠላቱን ብቻ ሳይሆን አባቱንም እንዲጠይቅ ያስገድደዋል።

ፊልሙ የከሰረው መጨረሻው ላይ ነው። በማክግሬገር ታሪክ ኪልሞንገርን ከፏፏቴው ገፍቶ የሚጥለው ካንቱ የሚባል ትንሽ ልጅ ነው። ጉልበተኛው ንጉሥ ያቃተውን የአገሩ ልጅ ፈጸመው። ፊልሙ ይህን ትቶ ሁለቱን ባቡር በሚያልፍበት የማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ያፋልማቸዋል፣ በኮምፒውተር የተሠራው ምስልም ከሁሉ የደከመው እዚያው ላይ ነው።

የንጉሡን ሴት ጠባቂዎች፣ ዶራ ሚላጄዎቹን፣ የኮሚኩ ጸሐፊ ክሪስቶፈር ፕሪስት በ1998 ሲያስገባቸው ለንጉሡ የታጩ ሚስቶችም ነበሩ፤ ፊልሙ ይህን ጥሎ ወታደርነታቸውን አስቀረ። በጎ አደረገ። የተራራው ጎሳ መሪ ምባኩም "ሰው-ዝንጀሮ" የሚለውን የ1969 የኮሚክ ስሙን ማጣቱ ተገቢ ነው። ከልብሱ ግን አንድ ነገር አይታለፍም፦ አረንጓዴ ሱፍ የለበሰው የወንዝ ጎሳ ሽማግሌ ከንፈሩ ላይ ገል አድርጓል። በእኛው ኦሞ፣ በሙርሲና በሱሪ ዘንድ፣ ያንን የሚያደርጉት ሴቶች ናቸው።

አሁን ለማየት ለተነሳ፦ በአማርኛ ተራኪ የተተረጎመውን ቅጂ ይተዉት፣ ሁሉም በአንድ ሰው ድምፅ ይናገራል። ኪልሞንገር ዙፋኑ ፊት ቆሞ "ማን ነህ?" ሲባል የሚመልሰው በእንግሊዝኛ ሳይሆን ፊልሙ የአገሬው ቋንቋ ባደረገው በደቡብ አፍሪካው ኾሳ ነው፤ የመጣው ባዕድ ሳይሆን የቤቱ ልጅ መሆኑ የሚታወቀው በዚያች መልስ ነው። ፍላሽ ላይ የሚጫኑ ፋይሎች ብዙ ጊዜ እዚህ ቦታ ላይ ጽሑፍ የላቸውም፤ የኾሳው ሰብታይትል ለብቻው የሚቀመጥ ስለሆነ ፋይሉ ሲጨመቅ ይጣላል። ሱቁን ሳይለቁ ወደ ፊልሙ አጋማሽ አሳልፈው ይህን ትዕይንት ይፈትሹ። ጽሑፍ ከሌለ የኤስአርቲ (የሰብታይትል) ፋይል ያስጭኑና ስሙን ከፊልሙ ስም ጋር አንድ አድርገው እዚያው ፎልደር ውስጥ ያስቀምጡት። ስሙ በአንዲት ነጥብ ከተለየ ብዙ ቴሌቪዥን አያነበውም።

ኮሚኩን በስልክ ለሚያነብ ደግሞ፣ ማክግሬገር ቃል አይቆጥብም፤ ጽሑፉ ደቃቅና ጥቅጥቅ ያለ ነው። ስልኩን አግድም አዙሮ ግማሽ ግማሽ ገጽ ማንበብ ይሻላል። ሠዓሊው ቢሊ ግራሃም ገጹን ሙሉ አድርጎ የሣለበት ቦታ ሲደርስ ግን ወደ ቁም ይመልሱት።