ቅሬ የሌለበት ሕንፃ፦ «ኦንሊ መርደርስ ኢን ዘ ቢልዲንግ» ምዕራፍ 1

በወሎ ሰው ሲሞት ቅሬው (እድሩ) ይሰበሰባል፤ ድንኳን ይተከላል፣ የቀረ ጎረቤት ይታወቃል። በዚህ ተከታታይ ድራማ ክፍል 2 ላይ ግን የኒውዮርኩ አርኮኒያ ሕንፃ ነዋሪዎች ለሟቹ ቲም ኮኖ መታሰቢያ ተጠርተው፣ ከእሱ ይልቅ ለአንድ ጎረቤታቸው ድመት ሞት ያዝናሉ። ለቅሶ መድረስ ምን እንደሆነ ለሚያውቅ ተመልካች ትዕይንቱ እያሳቀ ሆድ ያባባል።

ስቲቭ ማርቲን የሚጫወተው ቻርለስ በ1990ዎቹ ብራዞስ የተባለ የቴሌቪዥን መርማሪ ሆኖ ይተውን የነበረ፣ ዛሬ ብቻውን የሚኖር አዛውንት ነው። ኦሊቨር (ማርቲን ሾርት) ዕዳ የበዛበት የቲያትር አዘጋጅ ነው። ሜብል (ሴሌና ጎሜዝ) ስለ ሟቹ ከምትናገረው በላይ ታውቃለች። አንድ ሕንፃ ላይ እየኖሩ አይተዋወቁም ነበር፤ ያገናኛቸው ሦስቱም የሚከታተሉት የወንጀል ፖድካስት (በኢንተርኔት የሚለቀቅ የድምፅ ዝግጅት) ነው። ፖሊስ «ራሱን ነው ያጠፋው» ሲል እነሱ የራሳቸውን ፖድካስት ጀምረው ምርመራ ውስጥ ይገባሉ። ቻርለስን ልብ ብላችሁ እዩት፤ ከገዳዩ ፍለጋ ይልቅ ሕይወት የዘራበት በሩን የሚያንኳኳ ሰው ማግኘቱ ነው። ማዶ ካለችው ባሱን (ረጅም የእንጨት የትንፋሽ መሣሪያ) ነፊ ጋር ቃል ሳይለዋወጡ፣ እሱ ኮንሰርቲናውን (ትንሽ አኮርዲዮን መሰል መሣሪያ) ይዞ፣ በመስኮት ዜማ የሚቀባበሉበት ቦታ ከምዕራፉ ሁሉ ያማረ ነው።

ምዕራፉ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2021 መታየት የጀመረ ሲሆን 10 ክፍሎች አሉት፤ እያንዳንዱ ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። ከአቦል እስከ በረካ ሁለት ክፍል ይታያል። ገና ሲከፈት ሜብል አስከሬን አጠገብ ተንበርክካ ታገኟታላችሁ። ፋይሉ ተቀላቅሎ አይደለም፤ ታሪኩ ከዚያ ሁለት ወር ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ያ ቦታ የሚፈታው ክፍል 10 ላይ ነው።

እንግሊዝኛው ፈጣን ስለሆነ የግርጌ ጽሑፍ ያስፈልጋል። ከፍላሽ በቴሌቪዥን ስታዩ የጽሑፉ ፋይል ስም ከቪዲዮው ስም ጋር ፊደል በፊደል አንድ ይሁን፤ ካልሆነ ብዙ ቴሌቪዥን አያነበውም። ጽሑፉ ከድምፁ የሚቀድመው ወይም የሚዘገየው ለሌላ ቅጂ የተሠራ ሲሆን ነው። በኮምፒውተር ላይ ቪኤልሲ የተባለው የቪዲዮ ማጫወቻ የጽሑፉን መዘግየት በጂ ቁልፍ 50 ሚሊሰከንድ እየቀነሰ፣ በኤች ቁልፍ እየጨመረ ያስተካክለዋል።

ክፍል 7 ለብቻው ይነሳ። መስማት በተሳነው ቲዮ ዓይን የሚታይ፣ ንግግር የለውም ማለት የሚቻል ክፍል ነው፤ ቲዮን የሚጫወተው ጄምስ ካቨርሊም መስማት የተሳነው ተዋናይ ነው። ምልክቱ፣ ፊቱና የእጁ ፍጥነት ታሪኩን ይሸከሙታል። እንግሊዝኛ የማይከብደውም የሚከብደውም እኩል ያየዋል። ቀድማችሁ ግን አትክፈቱት፤ የትልቁን ምስጢር አንዱን ክር የሚፈታ ስለሆነ የፊተኞቹን ስድስት ያበላሻል።

ድካሙ መሀል ላይ ነው። ሙዚቀኛው ስቲንግ ራሱን ሆኖ የሚጠረጠርበት መንገድ ለማሳሳቻ ብቻ የገባ ስለሆነ ቶሎ ተነስቶ ቶሎ ይወድቃል። የኦሊቨር የቲያትር ቀልዶችም ብሮድዌይን (የኒውዮርክን የቲያትር መንደር) ለማያውቅ ሰው ባዶ ያልፋሉ፤ ገንዳው ሳይከፈት ተዋንያን ዘለው የተሰባበሩበት ትርኢቱ ብቻ ማብራሪያ ሳያሻው ያስቃል፣ ያሳዝናልም።

ስድቡ ብዙ ነው፤ ከልጆችና ከአባወራው ጋር ሳሎን የሚከፈት አይደለም። ምዕራፍ 2ንም ከዚህኛው በፊት አትንኩት፤ የሚነሳው ክፍል 10 ካቆመበት ነው።