እናቴን ከሶፋው ላስነሳችልን ፊዚዮቴራፒስት

ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢው የምትኖሩ፣ አንድ ጊዜ ወድቀው ከዚያ ወዲህ ግድግዳ እየተደገፉ የሚሄዱ እናት ወይም አባት ቤታችሁ ካሉ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው።

እናቴ 74 ዓመቷ ነው። ባለፈው ጥር፣ በረዶው ገና ሳይጠረግ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ አዳልጧት ወደቀች። እግዚአብሔር ይመስገን አጥንቷ ተረፈ። ነገር ግን መጀመሪያ ደረጃ መውረድ ፈራች፤ ቀጥሎ መታጠቢያ ቤት ብቻዋን መግባት፤ በመጨረሻ ቅዳሴውም ቀረ። «ቆሞ ማስቀደስ ያልቻለ ሰው ቤቱ ቢጸልይ ይሻለዋል» ብላ ሶፋው ላይ ተቀመጠች። በተቀመጠች ቁጥር እግሯ ደከመ፣ እግሯ በደከመ ቁጥር ፍርሃቷ ባሰ።

መጀመሪያ የወሰድናት ቦታ ሥዕል ያለበት የእንግሊዝኛ ወረቀት ሰጥተው «በቀን ሁለት ጊዜ» ብለው ሸኙን። ወረቀቱ አሁን ረከቦቱ ሥር ተነጥፎ የቡና ጠብታ ይቀበላል።

ከዚያ በሰው በሰው ይህችን ፊዚዮቴራፒስት፣ ማለትም በእንቅስቃሴ የምታክም ባለሙያ ልጅ አገኘናት። ኢትዮጵያዊት ናት፤ ቤት ድረስ ትመጣለች። በመጀመሪያው ቀን ስለ ሕመም አልጠየቀችም። «እማማ፣ ምን ማድረግ ናፈቀዎት?» አለቻት። እናቴም «ቆሜ ማስቀደስ» አለች። ልጅቷ ይህንኑ ጻፈች። ቀጥላ እናቴን ከወንበር አስነስታ 3 ሜትር አስኬደቻት፣ አዙራ መልሳ አስቀመጠቻትና ሰዓቷን አየች፤ 21 ሰከንድ። 12 እና ከዚያ በላይ የፈጀበት ሰው ለመውደቅ የተጋለጠ ነው ተብሎ እንደሚታሰብ ነገረችን።

በሁለተኛው ጉብኝት ነጭ ሰሌዳ ይዛ መጣች። እናቴ ሚዛን መስሏት «እኔ ምን የሚመዘን አለኝ?» አለች። አልተሳሳተችም። ኒንተንዶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2007 ዊ ፊት ከሚባለው የቪዲዮ ጨዋታ ጋር ያወጣው ሰሌዳ ነው፤ በአራቱ ማዕዘን ክብደት የሚለኩ መሣሪያዎች አሉት። ሰው ሲቆምበት ክብደቱ ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ፣ ወደ ጣቱ ወይም ወደ ተረከዙ ማዘንበሉን አስልቶ ቴሌቪዥኑ ላይ በቀይ ነጥብ ያሳያል። የእናቴ ነጥብ ወደ ቀኝ ሸሽታ ቆመች። የወደቀችው በግራ ጎኗ ነበር፤ ለካ እኔም ሐኪሙም ሳናውቅ ስንት ወር ሙሉ በአንድ እግሯ ስትኖር ኖራለች! «ግራ እግሬን ማን ወሰደው?» ብላ ሳቀች። ስትስቅ ካየኋት ቆይቼ ነበር።

ከዚያ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ሃያ ሃያ ደቂቃ ጨዋታ ሆነ። አንደኛው ክብደትን ወዲህና ወዲያ እያዘነበሉ ጠረጴዛ ላይ ያሉ ኳሶችን ቀዳዳ ውስጥ መጨመር ነው። ሌላው የሚመጣውን ኳስ በቴስታ መምታት ነው፤ በመሀል የሚወረወር ጫማ አለና ከእሱ መሸሽ ያስፈልጋል። ፔንግዊኑ በረዶ ላይ እየተንሸራተተ ዓሣ የሚለቅምበት ሲመጣ ግን እናቴ ተቆጣች፤ «በሁዳዴ ዓሣ ልታስለቅሚኝ ነው?» ልጅቷም «እርስዎ አይበሉትም እማማ፣ የምትበላው ወፏ ናት» አለቻት። (ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ እንዳታስነሱብኝ።)

አንድ ቀን ጨዋታ እንዴት መድኃኒት እንደሚሆን ጠየቅኋት። ሰው ሳይወድቅ የሚቆመው ዓይኑ፣ የውስጥ ጆሮውና እግሩ የሚልኩትን ወሬ አንጎሉ አንድ ላይ ስለሚያነብ ነው አለች። ዕድሜ ሲገፋ ሦስቱም ይዳከማሉ፤ መልመድ የሚቻለውም ሚዛንን ሊስቱ ሲቃረቡ እየመለሱ ነው። «ክብደትዎን መቶ ጊዜ ያዘንብሉ ብላቸው በአሥረኛው ይሰለቻሉ፤ ኳስ ስሰጣቸው ግን አይቆጥሩትም» አለችኝ። ጨዋታውን አላጋነነችውም። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ትልቅ የጥናቶች ግምገማ የአካል እንቅስቃሴ የአረጋውያንን መውደቅ በ23 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አግኝቷል፤ ያ ግን ስለ እንቅስቃሴ በጠቅላላው እንጂ ስለዚህ ሰሌዳ አይደለም ብላ አስረዳችኝ።

ይህን የማነሳው ሰሌዳውን ብቻ ገዝታችሁ ለእናታችሁ እንዳትሰጡ ነው። ጨዋታው የተሠራው ለጤነኛ ሰው ነው፤ ሰሌዳው ራሱ ከወለሉ ከፍ ስለሚል ሊያደናቅፍ ይችላል። ልጅቷ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከፊት ለፊቷ ጠንካራ ወንበር አቁማ፣ እናቴ ወገብ ላይ ቀበቶ አስራ፣ ከኋላዋ ያለ ፈቀቅታ ትቆም ነበር። ዕድሜን ገምቶ የሚናገረውን ክፍል ከነጭራሹ አትከፍተውም፤ እናቴ «ዘጠና ነሽ» ብትባል ሰሌዳውን በመስኮት ትወረውረው ነበር። ጨዋታው ሲያልቅ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ይዛ ተረከዝ ማንሳት፣ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ አለ። ኮሪደሩ ላይ የነበረውን ምንጣፍ አስነሳችን፣ ነጠላ ጫማዋን አስቀየረችን፣ ስትነሳ የሚያዞራትን ነገር ለሐኪሟ እንድንነግርም አሳሰበችን። የደም ግፊት መድኃኒቷ ተስተካከለ።

በአሥረኛው ሳምንት ያው የወንበር ፈተና 14 ሰከንድ ሆነ። ከ12 በታች አልወረደም፤ ልጅቷም «ገና ነን» አለች። ባለፈው እሑድ ግን እናቴ መቋሚያዋን ይዛ ከወንጌሉ ጀምሮ እስከ ሥርዓተ ቅዳሴው መጨረሻ ቆመች። አንዴ ብቻ ተቀመጠች፤ እሱንም ጎረቤቷን ለማስቀመጥ ብላ ነው ትላለች።

ሰሌዳው የሚሠራበት ዊ የተባለው የኒንተንዶ የጨዋታ መሣሪያ መመረት ካቆመ ከ10 ዓመት በላይ ስለሆነው የራሳችንን ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ ገዛን። ማታ ማታ እናቴ ከልጄ ጋር በቴስታ ትፎካከራለች፤ እኔ ከኋላዋ እቆማለሁ።

የልጅቷን ስምና ስልክ በአደባባይ አልጽፍም፤ የምትፈልጉ በግል ጻፉልኝና ፈቃዷን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋትን ግን አትጠይቋት፤ የእናቴ ናቸው።