ሰባቱ የአጭር ጊዜ ሚሽን መመዘኛዎች፦ ለቤተ ክርስቲያን ኮሚቴ ምን ያህል ይጠቅማሉ?

በአሜሪካ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራባቸው «ስታንዳርድስ ኦፍ ኤክሰለንስ ኢን ሾርት ተርም ሚሽን» የተባሉት፣ ለአጭር ጊዜ የወንጌል አገልግሎት ቡድን ለሚልኩ የወጡ መመዘኛዎች ሰባት ናቸው፦ እግዚአብሔርን ማዕከል ማድረግ፣ አቅም የሚገነባ አጋርነት፣ በጋራ ማቀድ፣ የተሟላ አስተዳደር፣ ብቁ መሪ፣ ተገቢ ሥልጠና፣ እስከ መጨረሻው መከታተል። ክረምት ላይ ወጣቶቻቸውን ወደ አገር ቤት የሚልኩ በአሜሪካ ያሉ ኢትዮጵያውያን አብያተ ክርስቲያናት ቢይዙት አጥብቀን እንመክራለን፤ የጎደለውን እየሞሉ ግን።

ትልቁ ጥቅሙ ሦስተኛው፣ በጋራ ማቀድ የሚለው ላይ ነው። ሥራው ቡድኑን ከሚቀበለው አጥቢያ የረጅም ጊዜ ዕቅድ ጋር እንዲገጥም፣ ተቀባዩም ድርሻውን መወጣት የሚችል እንዲሆን ይጠይቃል። እኛ ዘንድ ይህን የሚያበላሸው ይሉኝታ ነው። «ሐምሌ አጋማሽ ላይ 14 ሰው ብንልክ ይመቻችኋል?» ተብሎ የተጠየቀ የገጠር አጥቢያ «ጌታ ይባርካችሁ፣ ኑ» ከማለት ሌላ ምን ይላል? ሐምሌ ላይ ገበሬው እርሻው ውስጥ ነው፤ መንገዱም ጭቃ ነው። ትምህርት ቤት ስለሚዘጋ ለልጆች ፕሮግራም ይመቻል፤ ለአዋቂዎች ሥልጠና ግን ሰው አይገኝም። ስለዚህ ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት ጠይቁ፦ ዘንድሮ የያዛችሁት ሥራ ምንድን ነው? የቱ ላይ ሰው አጠራችሁ? ቡድኑ ቀርቶ ገንዘቡ ብቻ ቢመጣ ምን ትሠሩበት ነበር? ጠያቂው ገንዘቡን የያዘው ሰው አይሁን፤ መልሱም በጽሑፍ ይምጣ።

አስተዳደር የሚለው በማስታወቂያ፣ በሒሳብና በሪፖርት እውነተኛ መሆንን ያካትታል። ብዙ ቡድን የሚስተው ሪፖርቱን ነው፦ በአምስት ቀን የልጆች ፕሮግራም «ጌታን የሚቀበል» ሲባል እጁን በየቀኑ ያነሣ አንድ ልጅ አምስት ነፍስ ሆኖ ይመዘገባል። ስም እየጻፋችሁ ቁጠሩ። በጀቱ ላይ ደግሞ የተቀባዩ ወጪ ራሱን የቻለ መደብ ይኑረው፦ መኪና፣ ነዳጅ፣ አስተርጓሚ፣ ምግብ አብሳይ፣ የታሸገ ውኃ። ካልተጻፈ ከአጥቢያው ሙዳየ ምጽዋት ይወጣል።

ሕክምና የሚሰጥ ቡድን ከሆነ ሰነዱ «ተገቢ የአደጋ መከላከል» ብሎ ያልፈዋል፤ ይህ አይበቃም። የቱሪስት ቪዛ ሕክምና ለመስጠት አይሆንም፤ ከውጭ የሚመጣ ሐኪም ጊዜያዊ የሙያ ፈቃድ፣ መድኃኒቱም ከኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ቅድመ ፈቃድ ያስፈልጋቸዋል። አለዚያ ሻንጣው ቦሌ ጉምሩክ ላይ ሊቀር ይችላል። ከ2,500 ሜትር ከፍታ በታች ወዳለ ቦታ ለሚወርድ ቡድን የወባ መከላከያን ከሐኪም ጋር ቀደም ብሎ መነጋገር ይገባል፤ አንዳንዱ ኪኒን ከጉዞው ቢያንስ 2 ሳምንት አስቀድሞ ይጀመራል።

ትልቁ ጉድለቱ ሕፃናትን ስለመጠበቅ ራሱን የቻለ መመዘኛ አለመኖሩ ነው። ራሳችሁ ጨምሩት፦ ማንም ጎልማሳ ከልጅ ጋር ለብቻው አይሁን፣ ያለ ወላጅ ፈቃድ ፎቶ አይነሣ፣ ፌስቡክ ላይም አይለጠፍ፣ ቅሬታ የሚቀበል ሰው ከቡድኑ ውጭ ይሰየም።

ክትትሉ ተጓዦችን ብቻ ሳይሆን ተሳታፊዎችን ሁሉ ይመለከታል፤ ይህ በጣም ትክክል ነው። ለአጥቢያው የግምገማ ቅጹን በሚናገሩት ቋንቋ፣ ቡድኑ ከተመለሰ ከ6 ወር በኋላ ላኩ። የሚቀጥለው ዓመት ድጋፍ በዚያ መልስ ላይ እንደማይመሠረት ከላይ ጻፉበት፤ ያኔ ያስቸገራቸውን ነገር ለመጻፍ ይደፍራሉ።