አይፎን፣ ሳምሰንግ ወይስ ቴክኖ? ገበናችሁን አስባችሁ ስልክ ስትገዙ

አጎቴ ሉማሜ ላይ ጤፍ ይነግዳሉ። ባለፈው ደብረ ማርቆስ ብቅ አሉና ስልክ እንድመርጥላቸው ጠየቁኝ። ስለ ካሜራ አንድም ነገር አላነሱም። «የባንክ መልእክቴ የሚመጣው በዚሁ ነው። የልጆቼ ፎቶም እዚሁ ነው። ገበናዬን የማያወጣብኝ የቱ ነው?» አሉኝ።

ይህን ጥያቄ ብዙ ሰው ሲጠይቅ አልሰማም። እኛ ዘንድ ስልክ የሚመረጠው በካሜራው፣ በስቶሬጁና በባትሪው ነው። ዛሬ ግን ቴሌብሩም፣ ባንኩም፣ የቤተሰቡ ወሬም ያለው ስልኩ ውስጥ ነው። ስለዚህ ለአጎቴ ሱቅ በር ላይ ቆሜ በችኮላ የመለስኩትን ለእናንተ ረጋ ብዬ ላስረዳ። የማነጻጽረው እኛ ከተማ ሰው የሚያማርጣቸውን ሦስቱን ነው፤ ያገለገለ አይፎን፣ የሳምሰንግ ኤ ስልኮች፣ እና ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስና አይቴል።

መጀመሪያ፣ ገንዘባቸው ከየት ይመጣል?

አፕል በዋናነት የሚያተርፈው ስልኩን ሸጦ ነው። ጉግል ደግሞ ስልኩን የሚያሠራውን ሶፍትዌር፣ አንድሮይድን፣ ለስልክ ሠሪዎች ይሰጥና በማስታወቂያ ያተርፋል። ማስታወቂያ ዋጋ የሚያወጣው ማን ምን እንደሚፈልግ ሲታወቅ ነው። ሳምሰንግም ቴክኖም የሚሠሩት በአንድሮይድ ስለሆነ የጉግል ጉዳይ ሁለቱንም ይመለከታል።

የኩባንያዎቹ ፀብ ጎልቶ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው (ቀጥሎ ያሉት ዓመቶችም በእኛ አቆጣጠር ካላልኩ በቀር በፈረንጅ ናቸው)። በዚያ ዓመት አፕል አይፎንን የሚያሠራውን ሶፍትዌር፣ አይኦኤስ 14.5ን፣ ሲለቅ አዲስ ግዴታ አመጣ። አንድ አፕ በሌሎች አፖችና ድረ ገጾች ላይ የምታደርጉትን መከታተል ከፈለገ መጀመሪያ እናንተን ይጠይቅ አለ። ፌስቡክ ለውጡ ገና ሳይወጣ፣ በ2020 መጨረሻ፣ በአሜሪካ ጋዜጦች ላይ ሙሉ ገጽ ማስታወቂያ አሳትሞ ተቃወመ። ትናንሽ ነጋዴዎችን ይጎዳል የሚል ነበር ክርክሩ። በ2022 መጀመሪያ ላይ ደግሞ የፌስቡክ ባለቤት ሜታ፣ ይህ ለውጥ በዚያ ዓመት ወደ 10 ቢሊዮን ዶላር ገቢ እንደሚያሳጣው ተናገረ። እስኪ አስቡት። «አትከታተለኝ» የምትል አንዲት ቁልፍ ይህን ያህል ካሳጣች፣ ከዚያ በፊት ምን ያህል ሲከታተሉን ኖረዋል?

ጉግልም የራሱ ክርክር አለው። ኃላፊው ሰንደር ፒቻይ በ2019 ኒው ዮርክ ታይምስ ላይ ሲጽፍ፣ የሰው ገበና ውድ ዕቃ መግዛት ለሚችል ብቻ የሚሰጥ ቅንጦት መሆን የለበትም አለ። ይህ ሐሳብ ልቤን ይነካዋል። ጎጃም ውስጥ አዲስ አይፎን መግዛት የሚችል ሰው ስንት ነው? የቢቸና አስተማሪ፣ የቡሬ የቀን ሠራተኛ ገበና የላቸውም? በሐሳቡ እስማማለሁ። ተናጋሪው ግን ንጹሕ አልነበረም። በ2018 አሶሺየትድ ፕሬስ ባደረገው ምርመራ፣ ሰዎች የሄዱበትን ቦታ መመዝገቢያውን ዘግተው እንኳ የጉግል አገልግሎቶች ቦታቸውን ሲያስቀምጡ ተገኝቷል። ጉግል በዚሁ ጉዳይ በ2022 ለ40 የአሜሪካ ግዛቶች 391.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

አፕልም ቢሆን መልአክ አይደለም። ሳፋሪ በሚባለው የአይፎን ኢንተርኔት መክፈቻ ላይ ስትፈልጉ ጉግል የሚመጣላችሁ በከንቱ አይደለም። ጉግል ለዚያ ቦታ በ2022 ብቻ ለአፕል 20 ቢሊዮን ዶላር እንደከፈለ በአሜሪካ ፍርድ ቤት ወጥቷል። ገበናችሁን እጠብቃለሁ የሚለው ኩባንያ ከማስታወቂያ ንጉሡ ይህን ያህል ይቀበላል ማለት ነው።

በ2021 የደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ ተመራማሪ ሁለቱንም ስልኮች ለክቶ ነበር። ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ፣ ማንም ሳይነካው፣ አይፎኑም አንድሮይዱም በአማካይ በየ4 ደቂቃ ተኩሉ ወደ ኩባንያው መረጃ ይልካሉ። በመጠን ግን ጉግል የሚሰበስበው ከአፕል 20 እጥፍ ያህል ይበልጣል ብሏል። ጉግል የጥናቱን አለካክ አልተቀበለም።

እስከዚህ ድረስ ሚዛኑ ወደ አይፎን ያደላል። እኔም አልክድም።

የባንክ መልእክታችሁን ማን ያነባል?

አጎቴን ያሳሰባቸው ይህ ነው። እኔም ከሁሉ አስበልጬ የማየው ልዩነት እዚህ ጋ ነው። አይፎን ላይ ከሱቅ የወረደ ተራ አፕ የመልእክት ሳጥናችሁን ገብቶ ማንበብ አይችልም። የደወላችሁበትንም ዝርዝር አያይም። አንድሮይድ ላይ ግን ፈቃድ ከሰጣችሁት ይችላል። ከባንክ የሚላከው የማረጋገጫ ቁጥር የሚመጣው በመልእክት ነው። አፑ ያንን ካነበበ ሌባው ስልካችሁን መስረቅ አያስፈልገውም።

ጉግል ይህን ያውቃል። ከ2019 ጀምሮ ፕሌይ ስቶር ላይ ያሉ አፖች ያለ በቂ ምክንያት የመልእክት ፈቃድ እንዳይጠይቁ ከልክሏል። ችግሩ እኛ አፕ የምንጭነው ሁልጊዜ ከፕሌይ ስቶር አለመሆኑ ነው። በእኛ አቆጣጠር ከነሐሴ 2015 ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ዳታ ተቋርጦ በቆየባቸው ወራት አፕ የሚሄደው ከእጅ ወደ እጅ ነበር። በዜንደር፣ በሼር ኢት፣ በሜሞሪ ካርድ። አማራጭ አልነበረንም። ልማዱ ግን ቀረ። አሁንም ቴሌግራም ቻናል ላይ የተለጠፈ ኤፒኬ (የአንድሮይድ አፕ መጫኛ ፋይል) ሳይጠይቁ የሚጭኑ ብዙ ናቸው። የባንክ አፕ የሚመስል ነገር በቴሌግራም ከመጣላችሁ አትንኩት። አይፎን እኛ አገር ከአፕ ስቶር ውጭ አፕ አያስገባም። ብዙ ሰው ይህን እንደ እስር ቤት ያየዋል። ስልክ ብዙ ለማያውቅ ሰው ግን ትልቅ አጥር ነው።

አንድሮይድም ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ከአንድሮይድ 12 ጀምሮ ካሜራ ወይም ማይክ ሲከፈት ላይኛው ጥግ አረንጓዴ ምልክት ይበራል። የትኛው አፕ ምን እንደነካ የሚያሳይ ገጽም አለው። ሴቲንግ ውስጥ ጉግል፣ ቀጥሎ አድስ የሚለውን ከፍታችሁ የማስታወቂያ መለያ ቁጥራችሁን ማጥፋት ትችላላችሁ። አይፎን ላይ ያው ሥራ የሚሠራው ፕራይቬሲ ውስጥ ትራኪንግ በሚለው ነው። ልዩነቱ አይፎን ራሱ ይጠይቃችኋል፤ አንድሮይድ ላይ እናንተ ሄዳችሁ መፈለግ አለባችሁ። የማይፈልግ ሰው ደግሞ ብዙ ነው።

አንድ ነገር በመሐል ላንሳ። የአማርኛ ኪቦርድ ስታወርዱ ተጠንቀቁ። ኪቦርድ የምትጽፉትን ሁሉ ያያል። ኢንተርኔት ካለው መላክም ይችላል። አይፎን ላይ «ፉል አክሰስ» ካልፈቀዳችሁለት ኪቦርዱ ከኢንተርኔት አይገናኝም። አንድሮይድ ላይ ያ አጥር ስለሌለ የጉግሉ ጂቦርድ ውስጥ ያለው አማርኛ ይበቃችኋል።

ስልኩ የእናንተ ነው ወይስ የሱቁ?

ስለዚህ ነገር ማንም ሲጽፍ ስላላየሁ ረዘም አድርጌ ልናገር። እህቴ ባሕር ዳር ስትማር ያገለገለ አይፎን ገዛች። ሻጩ ሁሉን አስተካክሎ ሰጣት። አፖቹንም ጫነላት። አካውንቱ ግን የሱቁ ነበር። ሁለት ወር ሳይሞላ የማታውቃቸው ሰዎች ስም ስልክ ማውጫዋ ውስጥ ገባ። ከዚያ የሌላ ሰው የሠርግ ፎቶ መጣ። የእሷ ፎቶ ደግሞ የማን ስልክ ላይ እንደደረሰ እስከ ዛሬ አናውቅም። ያቺ ልጅ ያለቀሰችውን አልረሳውም።

ለምን ሆነ? አንድ አካውንት ብዙ ስልክ ላይ ሲገባ ፎቶና ስልክ ቁጥር በአይክላውድ፣ በአፕል የኢንተርኔት ማስቀመጫ፣ በኩል ይቀላቀላል። ከዚህም የባሰው፣ የአካውንቱ ባለቤት ስልኩን ከሩቅ መቆለፍና ማጥፋት ይችላል። ስለ አፕል ጥበቃ የተባለው ሁሉ የሚሠራው ለአካውንቱ ባለቤት ነው። የሱቁ አካውንት ያለበት አይፎን ከያዛችሁ የተጠበቀው የሱቁ ገበና ነው።

አንድሮይድም ላይ ያው ነው። ሱቁ ጂሜል ይከፍትላችኋል፣ የይለፍ ቃሉን ያውቀዋል፣ ማስመለሻውም የሱቁ ስልክ ቁጥር ይሆናል። ስለዚህ የትኛውንም ስትገዙ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ስልኩን ፊታችሁ ሪሴት አስደርጉ፤ ያለበት ሁሉ ጠፍቶ እንደ አዲስ ይነሳ። ሲነሳ የቀድሞ ባለቤት አካውንት ከጠየቀ ትታችሁት ሂዱ። ዋጋው ቢያስጎመጅም ሂዱ። ካልጠየቀ አካውንቱን ራሳችሁ፣ በራሳችሁ ቁጥር ክፈቱ።

ማሻሻያ እስከ መቼ?

ጥበቃ በር ላይ እንደተሠራ አጥር ነው፤ ካልታደሰ ይበሰብሳል። ያገለገለ አይፎን ስትገዙ ሞዴሉን እዩ። አይፎን 7 አይኦኤስ 15 ላይ ቆሟል። 8 እና ኤክስ 16 ላይ፣ ኤክስ አርና ኤክስ ኤስ 18 ላይ። በ2025 የወጣው አይኦኤስ 26 የሚገባው ከአይፎን 11 ጀምሮ ነው። ስለዚህ በርካሽ የሚገኘው አይፎን 7 ወይም 8 ስሙ እንጂ አጥሩ አርጅቷል። በእኔ እምነት ማንም ለገበናው ብሎ ሊገዛው አይገባም።

ሳምሰንግ እዚህ ጋ አስደስቶኛል። በ2024 መጨረሻ ኤ16ን ሲያወጣ 6 ዓመት የደኅንነት ማሻሻያ እሰጣለሁ ብሏል። መካከለኛ ገቢ ላለው ሰው የሚሸጥ ስልክ ነው ይህን ያገኘው። ፒቻይ በ2019 የተናገረው ነገር በተግባር ሲታይ እንዲህ ነው እላለሁ።

ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስና አይቴል የአንድ ኩባንያ፣ የትራንሽን ናቸው። አዲስ አበባ ውስጥ መገጣጠሚያ ካቋቋመ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ስልኮቹ ለኪሳችን ይመቻሉ፣ ባትሪያቸው ይቆያል፣ መጠገንም ቀላል ነው። ይህን ሁሉ አከብራለሁ። ግን ርካሾቹ ሞዴሎች የማሻሻያ ዘመናቸው አጭር ነው። ማጥፋት የማትችሏቸው አፖችና ማስታወቂያዎችም አብረው ይመጣሉ። በ2020 ደግሞ ቴክኖ ደብሊው 2 የሚባለው ስልክ ላይ ከመሸጡ በፊት የተጫነ ጎጂ ሶፍትዌር ተገኝቶ ነበር። ሰው ሳያውቅ የሚከፈልበት አገልግሎት ያስመዘግብና ካርድ ይበላ ነበር። ከተጎዱት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። ኩባንያው ጥፋቱ በአቅርቦት ሰንሰለቱ ውስጥ ያለ የሌላ አካል ነው አለ። ካርዱ ያለቀበት ሰው ግን የእኛው ሰው ነበር።

ቴክኖ ከገዛችሁ ቀኑን እዩ። ሴቲንግ፣ አባውት ፎን፣ ከዚያ ሴኩሪቲ ፓች የሚለውን ፈልጉ። የተጻፈው ቀን ከዓመት በላይ ያለፈው ከሆነ ሻጩን ሌላ ሞዴል አውጣልን በሉት።

ታዲያ የቱን?

ጥሩ ገንዘብ ካላችሁና ስልክ ብዙ የማትነካኩ ከሆነ፣ አይፎን 11ና ከዚያ ወዲህ ያለውን፣ በራሳችሁ አካውንት። ከዚህ የተሻለ ጥበቃ የለም። መካከለኛ አቅም ላለው፣ በተለይ ለወላጅና ለነጋዴ፣ ሳምሰንግ ኤ16 ወይም ያንን ያህል ማሻሻያ የሚሰጥ ሌላ። አሮጌ አይፎንና አዲስ ሳምሰንግ በአንድ ዋጋ ከቀረቡላችሁ ያለ ማመንታት ሳምሰንጉን። ከዚያ በታች ላለው አቅም ቴክኖም ያገለግላል፤ ግን የገንዘቡን ሥራ በአፕ ሳይሆን በ*127# (ቴሌብር) እና በ*889# (ንግድ ባንክ) ብትሠሩ ይሻላል።

ቴሌግራም ላይ የምትጻጻፉት ግን በስልክ ምርጫ አይቀየርም። ተራው የቴሌግራም ወሬ ኩባንያው ሰርቨር ላይ ይቀመጣል፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚቆለፈው፣ ማለትም ከላኪና ከተቀባይ በቀር ማንም የማያነበው፣ ሲክሬት ቻት የሚባለው ብቻ ነው። ዋትስአፕ ከ2016 ጀምሮ ሁሉንም ይቆልፋል። የመታወቂያ ፎቶ ከላካችሁ ይህን አስቡ።

አጎቴ ሳምሰንጉን ገዙ። ሱቁ ውስጥ ሪሴት አስደረግነው። ጂሜሉን ሱቁ ደጃፍ ወንበር ላይ ተቀምጠን በራሳቸው ቁጥር ከፈትን። የይለፍ ቃሉን ሲጽፉ «አንቱ ብቻ ይወቁት» ብዬ ፊቴን አዞርኩ። የሱቁ ልጅ መጥቶ «አባባ፣ አፕ ልጫንልዎት? በነፃ ነው» አላቸው። አጎቴ ስልኩን ወደ ኪሳቸው ከተቱና «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ፣ እኛው እንጭነዋለን» አሉት።