የዲፕሎማቶቹ የሃንጋሪኛ ኮርስ ለአማርኛ ተናጋሪ ይሆናል?

የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማሠልጠኛ ተቋም እንደ ፈረንጆቹ በ1960ዎቹ ያዘጋጀው የሃንጋሪኛ መሠረታዊ ኮርስ ዛሬም ከነድምፁ በነፃ ይገኛል። ሁለት ቅጽ፣ 24 ምዕራፍ ነው። በሃንጋሪ መንግሥት ስቲፔንዲየም ሁንጋሪኩም ስኮላርሺፕ ወደ ቡዳፔስት ወይም ወደ ደብረጸን ለሚሄድ ተማሪ እንመክረዋለን። ልምምዱ ብዙ ነውና ምላስ ያፍታታል። ማብራሪያው ግን የተጻፈው ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ስለሆነ፣ እሱን የሚያስጨንቀው ሁሉ እኛን አያስጨንቀንም።

ለምሳሌ «መኪና አለኝ» በሃንጋሪኛ «ቫን ኮቺም» ነው፤ ቃል በቃል «አለ መኪናዬ» እንደ ማለት። መጨረሻ ላይ ያለችው «ም» የእኛ «ዬ» ናት። እንዲህ ያለውን ክፍል በአንድ ቀን ማለፍ ይቻላል።

ጊዜ የሚገባው የግሱ ሁለት እርባታ ነው፤ አንዱ ተሳቢው ሳይታወቅ፣ ሌላው ሲታወቅ። «ኬሬክ ኤጅ ካቬት» አንድ ቡና እፈልጋለሁ፤ «ኬሬም አ ካቬት» ቡናውን እፈልገዋለሁ። «እፈልገዋለሁ» ውስጥ ያለችውን «ው» የለመደ ሰው «ኬሬም» ለምን እንደተለየ ወዲያው ይገባዋል። ስህተቱ የሚመጣው ከሌላ በኩል ነው። አማርኛ «ን»ን የሚጨምረው ተሳቢው ሲታወቅ ነው፤ የሃንጋሪኛዋ «ት» ግን ታወቀም አልታወቀም ትገባለች። ስለዚህ ጀማሪው «ኬሬክ ኤጅ ካቬ» ብሎ «ት»ን ይውጣታል። ሌላም ወጥመድ አለ፦ «ያየኛል» ብለን «እኔን» በግሱ ላይ ስለምናሳይ፣ «ላት ኤንጌም» በሚለው ላይ የታወቀውን እርባታ እንጠቀማለን። የሚፈለገው ያልታወቀው ነው። «አይሃለሁ» ደግሞ የራሱ ቅርጽ አለው፤ «ላትላክ»።

የአናባቢ ስምምነትን በደንብ ወደ ልምምድ ያስገቡት። «ሃዝባን» ቤት ውስጥ፣ «ከርትበን» አትክልት ቦታ ውስጥ፤ ቅጥያው የስሙን አናባቢ ይከተላል። ከተማ ሲሆን ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል፦ በቡዳፔስት «ቡዳፔሽተን»፣ በደብረጸን ግን «ደብረጸንበን»፣ በአዲስ አበባ ደግሞ «አዲስ አበባባን» ነው። የአገሬው ከተሞች ቅጥያ በየስማቸው ይሸመደዳል፤ የውጭ ከተማ ግን «ባን» ወይም «በን» ይወስዳል።

ከባዱ የአናባቢ ርዝመት ነው። «ኮር» አጭር ሲሆን ዕድሜ፣ ሲረዝም በሽታ ነው። የተነባቢ ጥብቀት ግን ጆሯችን ስለለመደው አያስቸግርም፦ «ሃል» ሲላላ ዓሣ፣ ሲጠብቅ «ይሰማል»። የመጽሐፉ ስካን በደበዘዘበት ገጽ የአናባቢ ምልክቶች ስለሚምታቱ ርዝመቱን ከድምፁ እንጂ ከጽሑፉ አይማሩ።

አጠቃቀሙ፦ በሳምንት አንድ ምዕራፍ። መጀመሪያ ንግግሩን መጽሐፉን ዘግቶ ሦስት ጊዜ ማዳመጥ፣ ከዚያ መልሱን በወረቀት ሸፍኖ ልምምዱን በድምፅ መሥራት። አፍ ሳይናገር ዓይን ብቻ ከሮጠ አይረባም።

ኮርሱ የዲፕሎማት ነውና «እርስዎ» ይበዛበታል። ሃንጋሪኛም አክብሮትን በሦስተኛ መደብ ግስ ስለሚገልጽ «እርስዎ ይሄዳሉ» ለሚል ሰው ይመቻል። ከዶርም ጓደኛ ጋር ግን «ተ» ይባላል፤ «አንተ»ም «አንቺ»ም ማለት ነው። የ«ተ»ን እርባታ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ጎን ለጎን ይያዙ።